«ያስፈራኝ ዝምታው ነው»፦ ስለ እንቅልፍ ለጻፋችሁልን

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ ስለ ማንኮራፋት ጠይቀውኝ በአራት መስመር መልሼ ነበር። ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ አይደለም፣ ትንፋሹ እየቆመ የሚያንኮራፋ ሰው ግን ይመርመር ነበር ያልኩት። አራት መስመር አልበቃም። ከዚያ ወዲህ የደረሰን ደብዳቤ አብዛኛው ስለ እንቅልፍ ነው፤ ብዙዎቻችሁም «ቤት ውስጥ የሚሠራ ምርመራ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አለ። ለሁሉም ሰውና ለሁሉም ችግር ግን አይሆንም። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ እንዳለ ለእንቅልፍ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሰፈር እንጂ ስም አልጻፍኩም።

«ዶክተር፣ ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው። ሰውነቱ ወፈር ያለ ነው። ማንኮራፋቱን ለምጄዋለሁ፣ 20 ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። አሁን ያስፈራኝ ዝምታው ነው። በኃይል እያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። እኔ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ 20 እደርሳለሁ። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ጮክ ብሎ ተንፍሶ ይቀጥላል። ጠዋት ስነግረው ‹ደህና ነኝ፣ ድካም ነው› ይለኛል። ሆስፒታል ሄደህ እደር ብለው በጭራሽ እሺ አይልም። ግፊት አለበት፣ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳል። የቤቱ ምርመራ ምን ይመስላል?»
ባለትዳር፣ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ እርስዎ ማታ ማታ የሚቆጥሩት ነገር ከማንኛውም መሣሪያ የሚቀድም ምርመራ ነው። እኛ ሐኪሞች የአዋቂ ሰው ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ነው «አፕኒያ» ብለን የምንመዘግበው። እርስዎ 20 ቆጥረዋል። ጭንቀትዎ ከንቱ አይደለም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አንገቱ ወፍራም በሆነ ወይም ጉሮሮው ጠበብ ባለ ሰው ላይ ምላሱና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ይወድቁና መንገዱን ይዘጋሉ። ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። ይሄኔ አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ያባንነዋል፤ እንደታነቀ ሰው የሚተነፍሰውም ያኔ ነው። ጠዋት አንዱንም አያስታውሰውም። «ደህና ነኝ» ሲልዎት እየዋሸ አይደለም፣ በሌሊት 100 ጊዜ ቢባንንም አያውቀውም። በየመባነኑ ግን ልቡ በኃይል ይመታል፣ ግፊቱ ወደ ላይ ይወጣል። በሁለትና በሦስት መድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ያለበት ሰው ስለ እንቅልፉ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ አባቴ ልንገርዎት። ያደግነው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነው፣ ሰፈሩ አሁን ፈርሷል። አባቴ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ እኛ ልጆቹ የደከመ ሰው እንቅልፍ ነው ብለን እናዝንለት ነበር እንጂ በሽታ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ለግፊቱ ብዙ ዓመት ሐኪም ጋ ተመላለሰ። መድኃኒቱ እየተጨመረ ሄደ። አንድም ቀን «ሌሊት እንዴት ነዎት?» ብሎ የጠየቀው የለም። እናቴንም ማንም አልጠየቃትም፣ እሷ ግን ልክ እንደ እርስዎ ትቆጥር ነበር። በ61 ዓመቱ ስትሮክ ወሰደው። ስትሮኩ ከእንቅልፉ ነው ብዬ መማል አልችልም። ሳይጠየቅ መቅረቱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደ ባለቤትዎ እንመለስ። በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው ስምንት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። በር ተዘግቶ እንኳ የሚሰማ ማንኮራፋት አለው? ቀን ቀን ይደክመዋል ወይ ያንጎላጀዋል? ትንፋሹ ሲቆም ያየ ሰው አለ? ግፊት አለበት? ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍ ያለ ነው (1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ101 ኪሎ በላይ)? ዕድሜው ከ50 በላይ ነው? የአንገቱ ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ወንድ ነው? ሦስት «አዎ» ያለው ሰው መመርመር አለበት፤ አምስትና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ችግሩ ሊኖርበት የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ነው። ባለቤትዎ ከደብዳቤዎ ብቻ አምስት ሞልቷል። አንገቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩለት፣ ምናልባት ስድስት ይሆናል።

አሁን ምርመራው። መሣሪያው እጅ ላይ የምትያዝ ትንሽ ሳጥን ናት፣ ደረት ላይ በቀበቶ ትታሰራለች። ከሷ ጋር ኦክስጅን ሲሰጥ እንደምናየው ዓይነት ቀጭን ቱቦ አፍንጫ ሥር ይገባል፤ ይሄኛው ግን ምንም አይሰጥም፣ አየር መግባት መውጣቱን ብቻ ይለካል። ቀበቶው ደረት ሲነሳና ሲወርድ ይመዘግባል። ጣት ላይ ደግሞ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያወቅናት የኦክስጅን መለኪያ ትሰካለች። ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው ቁም ነገሩን የሚናገሩት። ደረት እየታገለ አየር ከሌለ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ደረቱም ራሱ ካልተንቀሳቀሰ አንጎል «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝ አልላከም ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ዓይነት ነው፣ ሕክምናውም ይለያል። አንዳንዱ መሣሪያ እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰርና በጣት የደም ሥር መጥበብና መስፋት የሚለካ ነው።

ሕመም የለውም፣ መርፌ የለውም። ባለቤትዎ በገዛ አልጋው፣ በገዛ ትራሱ ነው የሚተኛው። የሚፈለገው ቢያንስ 4 ሰዓት ጥሩ ምዝገባ ነው። ጣት ላይ ያለችው ወልቃ ካደረች ሌሊቱ ባከነ። ስለዚህ እርስዎ አንዴ ነቅተው ቢያዩለት ጥሩ ነው። የምርመራው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡና ይለፈው፣ መጠጥም ይቅር፣ ቀን ላይም ባይተኛ ይሻላል። ማኅሌት ቆመው ያደሩ ማግስት ወይም የበዓል ዋዜማ አይምረጡ፤ እንደወትሮው የሆነ ተራ ሌሊት ነው የምንፈልገው።

ውጤቱ በአንድ ቁጥር ይመጣል። በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሹ ቆመ ወይም በጣም ቀነሰ የሚል ነው። ከ5 በታች ከሆነ አዋቂ ሰው ላይ ችግር የለም ይባላል፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ።

ለማን አይሆንም? የልብ ድካም ላለበት፣ ከባድ የሳንባ በሽታ ላለበት፣ ስትሮክ ለመታው፣ የጡንቻ በሽታ ላለበት፣ ሞርፊን መሰል የሕመም ማስታገሻ ዘወትር ለሚወስድ። እነዚህ ሰዎች ሙሉውን ምርመራ፣ ጭንቅላት ላይ ሽቦ ተለጥፎ ባለሙያ እያየ የሚታደረውን፣ ነው ማድረግ ያለባቸው። ባለቤትዎ ግፊት ብቻ ከሆነ ያለበት ለቤቱ ይሆናል። መሣሪያውን ግን ሐኪም ነው ማዘዝም ማንበብም ያለበት። የሳንባ ሐኪም ወይም ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

እሺ አይልም ብለዋል። ዛሬ ማታ ስልክዎን ያዘጋጁ። ዝምታው ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹት፣ ደረቱም እንዲታይ። ጠዋት ቁርስ ላይ ሳይጨቃጨቁ ያሳዩት። ብዙ ወንዶች ሲነገራቸው አይሰሙም፣ የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ ግን ይደነግጣሉ። ያንኑ ቪዲዮ ለሐኪሙም ይዘውለት ይሂዱ። አብረውትም ይግቡ፣ ውጭ አይጠብቁ። ሌሊቱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

«ዶክተር፣ ከሜክሲኮ የሚነሳ ሚኒባስ ነው የምነዳው። 39 ዓመቴ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ፣ ማታ 3 ሰዓት ነው የምገባው። መሪ ላይ ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶኛል፣ አንዱን ጊዜ ረዳቴ ነው ጮሆ ያነቃኝ። ተሳፋሪ ጭኜ ነበር። አንድ ቦታ ሄጄ ለአንድ ሌሊት መሣሪያ ሰጡኝ። ከማታ 3 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት አሰርኩት። ሽቦው አስጨንቆኝ እስከ 6 ሰዓት ዓይኔ አልተከደነም። ውጤቱ 4 ነው፣ ነፃ ነህ አሉኝ። ታዲያ ለምን እንዲህ እሆናለሁ?»
ሹፌር፣ ከሜክሲኮ

ወንድሜ፣ እንዲህ በግልጽ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ሌላው ይደብቀዋል።

«ነፃ ነህ» የሚለውን ለጊዜው ተወው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 4 ማለት በሰዓት 4 ጊዜ ነው። መሣሪያው 8 ሰዓት በርቶ ነበር። ስለዚህ በሌሊቱ 32 ጊዜ ያህል ትንፋሽህ ተቋርጧል። አብዛኛው የቤት መሣሪያ ግን ሰው መተኛቱንና መንቃቱን አያውቅም፣ የአንጎል ሽቦ የለውም። እስከ 6 ሰዓት ስትገላበጥ የነበረውንም እንደ እንቅልፍ ቆጥሮታል። የተኛኸው 5 ሰዓት ብቻ ከሆነ 32ን ለ5 አካፍለው። 6.4 ይመጣል። ከ5 አለፈ። ያው ሌሊት፣ ያው ትንፋሽ፣ ሌላ መልስ።

ይህ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የቤት ምርመራ ችግር ካገኘ ይታመናል፤ ምንም አላገኘሁም ካለና ሰውየው ግን ምልክቱ ካለበት ነገሩ እዚያ አይቆምም። ተኝቶ የሚታደረው ሙሉ ምርመራ ይቀጥላል። ወረቀቱን ይዘህ ተመለስና «እስከ 6 ሰዓት አልተኛሁም ነበር» በላቸው። ይህን ካልነገርካቸው የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

ሁለተኛው ነገር ግን ከመሣሪያ ጋር አይገናኝም። ማታ 3 ሰዓት ገብተህ፣ ራት በልተህ፣ ሒሳብ አስረክበህ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ስትነሳ ቢበዛ የምትተኛው 5 ሰዓት ተኩል ነው። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ይፈልጋል። አፕኒያ ባይኖርብህም በዚህ እንቅልፍ ብቻ መሪ ላይ ሊወስድህ ይችላል። ኑሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ኮታ እንዳለብህም አውቃለሁ። ግን በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ከሌላ ሹፌር ጋር ፈረቃ መቀያየር የሚቻል ከሆነ ሞክር።

እስከዚያው ድረስ ይህን አድርግ። ዓይንህ መክበድ ሲጀምር፣ መስኮት መክፈትና ዘፈን መጨመር አያድንህም። ተራ ስትጠብቅ አንድ ስኒ ቡና ጠጣና ወዲያው ወንበር ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ተኛ። ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ልክ ስትነቃ ነው። ረዳትህ ይቀስቅስህ። ጫት ግን የዛሬውን እንቅልፍ ወደ ነገ ነው የሚያሻግርብህ፣ ነገም መንዳት አለብህ። እስክትመረመር ድረስ ደግሞ ረጅም መንገድ፣ የክፍለ ሀገር ኮንትራት፣ አትያዝ። ከኋላህ የተቀመጡት ሰዎች ምንም የሚያውቁት የለም።

«እጄ ላይ የማስረው ስማርት ሰዓት ሌሊት ኦክስጅንሽ 90 ወርዷል ይለኛል። እህቴ ከውጭ ሆና ‹እኛ ጋ 97 ነው የሚያሳየው› ብላ አስደነገጠችኝ። ልሞት ነው?»
የቢሮ ሠራተኛ፣ ከካዛንቺስ

አትሞቺም እህቴ፣ ረጋ በይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የኛ ቁጥር ከእህትሽ ትንሽ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፣ በእንቅልፍ ደግሞ ሁሉም ሰው ላይ ትንሽ ይወርዳል። ቆላ ላይ በተሠራ ሚዛን ደጋ ላይ ያለን ሰው መመዘን አይገባም።

ከአንዷ ቁጥር ይልቅ መስመሩን እዪ። ሌሊቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይወርዳል ይወጣል? መጋዙ ነው የአፕኒያ ምልክት። ሰዓትሽ ከላላ ወይም እጅሽ ላይ ከተኛሽበትም የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ጣት ላይ የሚሰካውን ከተጠቀምሽ ደግሞ ጥቁር የጥፍር ቀለምና ሂና ያሳስተዋል፣ አንዷን ጣት ባዶ ተያት።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፣ እኛን በቀጥታ ስለሚመለከት እነግርሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ ይህ የጣት መለኪያ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ጊዜ ሳያይ እንደሚያልፍ አሳይቷል። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ያዛባዋል። ማለትም መለኪያው «ደህና ነሽ» ሲል ሁልጊዜ ደህና ነሽ ማለት አይደለም። አንዳንድ የአፕልና የሳምሰንግ ሰዓቶች እ.ኤ.አ. በ2024 የአፕኒያ ምልክት ሊጠቁሙ እንዲችሉ በአሜሪካ ተፈቅዶላቸዋል፤ የተፈቀደው ግን ሐኪም ጋ ሂጂ ብሎ ለመጠቆም ነው፣ በሽታ ለመወሰን አይደለም። ታንኮራፊያለሽ? ቀን ያንጎላጅሻል? ጠዋት ራስ ምታት አለሽ? ካለሽ ሂጂ። ከሌለሽ ሰዓቱን ማታ አውልቀሽ ተኚ፣ በሱ ጭንቀት ራሱ እንቅልፍ ታጫለሽ።

«ማታ ስጋደም እግሬን ውስጥ ለውስጥ ይወረኛል፣ ካላንቀሳቀስኩት አልችልም። ተነስቼ ቤቱን እዞራለሁ። የእንቅልፍ መሣሪያ ያሳየኛል?»
የሦስት ወር አራስ፣ ከተክለ ሃይማኖት

አያሳይሽም፣ አያስፈልግሽምም። ይህ «እረፍት የለሽ እግር» የሚባለው ይመስላል፤ በመሣሪያ ሳይሆን ታማሚው በሚነግረን ነው የሚታወቀው፣ አሁን ራስሽ በደንብ ነግረሽኛል። ማታ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚመጣ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚተው። እርግዝናና ወሊድ ላይ ብዙ ጊዜ ከብረት ማነስ ጋር ይያያዛል። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ደም ማነስሽን ብቻ ሳይሆን ፌሪቲን የሚባለውን፣ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን፣ እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ደም ማነስ ሳይኖርም እሱ ሊወርድ ይችላል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ብረቱ እንዳይገባ ይይዙታል። የጤፍና የሽሮ ብረት በሎሚ ወይም በብርቱካን የተሻለ ይገባል። ልጅሽ ይደግልሽ።

«22 ዓመቴ ነው፣ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ሌሊት ዱካክ ይይዘኛል። እነቃለሁ፣ ዓይኔ ያያል፣ ግን ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አልችልም። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር አለ። መጮህ እፈልጋለሁ፣ ድምፄ አይወጣም። ጸበል ሄጃለሁ። ጓደኛዬ ‹ትንፋሽሽ እየቆመ ነው፣ ተመርመሪ› አለችኝ።»

ልጄ፣ ያየሽውን ያየ ሰው ብዙ ነው። አያቶቻችን ስም ያወጡለት እኮ ብዙ ሰው ስለያዘው ነው። እኔንም በዶርም ዘመኔ ይዞኝ ያውቃል፣ የትናንት ያህል አስታውሰዋለሁ።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ሰውነታችንን ያስረዋል። የሚያስረው ለደግ ነው፣ ሕልማችንን ተነስተን እንዳንሠራው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና እስሩ ሳይፈታ ይቀራል። ሕልሙም ገና አላለቀም። ስለዚህ ክፍሉን ታያለሽ፣ ጥላውንም ታያለሽ። ደረትሽ የሚከብድሽ ያን ጊዜ የምንተነፍሰው ከሳንባ ሥር ባለው ጡንቻ፣ በዲያፍራም፣ ብቻ ስለሆነ ነው፤ በጥልቀት ልሳብ ስትዪ የደረት ጡንቻው አይታዘዝሽም። ትንፋሽሽ ግን አልቆመም። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃ ይለቅሻል፣ አይገድልም። የጓደኛሽ ሐሳብ ከፍቅር ነው፣ ግን የቤት መሣሪያው ይህን አያይም።

ዱካክን የሚያመጣው እንቅልፍ ማጣት፣ ሰዓቱ የተዘበራረቀ እንቅልፍ፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ነው። የፈተና ሰሞን ነው አይደል የሚብስብሽ? ለፈተና ብለሽ ጫት ቅመሽ ከሆነ ደግሞ፣ ያቆምሽ ሰሞን ይብሳል፣ ዱካኩን የሚያውቁት ቃሚዎች ናቸው። በጎንሽ ተኚ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተኝተሽ በአንድ ሰዓት ተነሺ። ሲይዝሽ ከመላ ሰውነትሽ ጋር አትታገይ፣ አንድ ጣት ወይም ምላስሽን ለማንቀሳቀስ ብቻ ሞክሪ። ጸሎትሽን አትተይ፣ ልብ ያረጋጋል፣ እንቅልፍሽንም አትተይ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልጠይቅሽ። ቀን፣ ክፍል ውስጥ ወይም ምግብ ላይ፣ ልትቋቋሚው የማትችይው እንቅልፍ ይጥልሻል? በኃይል ስትስቂ ወይም ስትደነግጪ ጉልበትሽ ከድቶሽ፣ መንጋጋሽ ተንጠልጥሎ ያውቃል? ካለ «ናርኮሌፕሲ» የሚባል ሊሆን ይችላል፤ ለሱ ሌሊቱን ተመርምሮ በማግስቱ ቀን በየሁለት ሰዓቱ እየተኙ እንቅልፍ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመጣ የሚለካ ምርመራ አለ። የነርቭ ሐኪም ነው የሚያየው። ሰነፍ እያሉ ሲሰድቧቸው የኖሩ ናርኮሌፕሲ ያለባቸው ሰዎች አሉ፣ ስለዚህ ዝም አትበይ።

«ልጄ 5 ዓመቱ ነው። አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው፣ ያንኮራፋል፣ ሌሊት ይታገላል፣ አልጋው ላይ መሽናትም ጀምሯል። ቀን ግን አይደክመውም፣ እንዲያውም እረፍት የለውም። እናቴ ‹እንጥሉ ወርዶ ነው፣ እናስቆርጠው› አለች። ለልጅ የሚሆን የቤት ምርመራ አለ?»
እናት፣ ከለገሃር አካባቢ

እባክሽ እንጥሉን አታስቆርጪው። ለእናትሽ በአክብሮት ንገሪያት፣ እሷ የምታውቀውን ነው የመከረችው። ግን እንጥል የሚቆርጥ ሰው ምላጩ ልጁን ደም ሊያፈስሰው ይችላል፣ ቴታነስና ኤች አይ ቪም ያመጣል፣ ልጅ በዚህ ይሞታል። ችግሩም አይነካም። ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከእንጥሉ ጎንና ከአፍንጫ ኋላ ነው። ቶንሲሉና አዴኖይዱ አብጠው መንገዱን ይዘጉታል።

የቤቱ መሣሪያ ለአዋቂ ነው፣ ለልጅ አይመከርም። ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ቀን አይደክመውም ያልሽው ራሱ ምልክት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ አዋቂ ያንጎላጃል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን ይቅበጠበጣል። ቶንሲልና አዴኖይድ በኦፕሬሽን ሲወጡ ብዙ ልጆች ይሻላቸዋል፣ አልጋ ላይ መሽናቱም ብዙ ጊዜ አብሮ ይተዋል። ሲተኛ ደረቱን ገልጠሽ ቪዲዮ ያዢለት፣ ሲተነፍስ ከአንገቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ።

«ከባድ አፕኒያ አለብዎት ተብዬ ማሽን ታዘዘልኝ። ልጄ ካለችበት ከአሜሪካ ሰው የተጠቀመበት ሲፓፕ ልትልክልኝ ነው። እዚህ መብራት ይሄዳል፣ ጭንብሉን አድርጌ ብተኛ አፍኖ ይገድለኝ ይሆን?»
ጡረተኛ፣ ከሳር ቤት

አባቴ፣ አይገድልዎትም። ጭንብሉ ትንፋሽዎ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ መብራት ሲሄድ አየሩ ይቆምና ይነቃሉ፣ አውልቀው በጎንዎ ይተኛሉ። በተደጋጋሚ የሚሄድበት ሰፈር ከሆኑ ባትሪ አብራ ትላክልዎት።

ማሽኑ ሥራው ቀላል ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለውን አየር በትንሽ ግፊት ወደ ጉሮሮ እየነፋ መንገዱ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ኦክስጅን አይጨምርም። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ለዓለም እስኪያሳውቅ ድረስ፣ ለከባድ አፕኒያ የነበረው ዋና መፍትሔ አንገት ላይ ቀዳዳ ማውጣት ነበር። ስለዚህ ጭንብሉ መጀመሪያ ቢያስጨንቅዎትም ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ቀን፣ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ግማሽ ሰዓት እያደረጉት ይለማመዱ።

ያገለገለ ማሽን ላይ ግን ለልጅዎ የምነግራት አራት ነገር አለ። አንደኛ፣ ጭንብሉና ቱቦው አዲስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ግፊቱ ለቀድሞው ሰው የተስተካከለ ነው፣ ያዘዘልዎት ሐኪም ለእርስዎ ሳያስተካክለው አይጀምሩ። ሦስተኛ፣ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ውስጡ ያለው ስፖንጅ እየተፈረካከሰ ወደ ሰው ትንፋሽ ሊገባ ይችላል ብሎ የሸጣቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖች እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ከሰው እጅ የሚገዛው ከነዚያ አንዱ እንዳይሆን ከመላኳ በፊት የማሽኑን ቁጥር ታጣራ። አራተኛ፣ የኃይል ማስገቢያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ትይ፣ የኛ 220 ነው። ውኃ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ በትነት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ነው የሚገባው፣ የቧንቧው ኖራ ይሠራበታል። ማጣሪያውንም እየተከታተሉ ያጽዱት፣ ግንባታ ባለበት አካባቢ አቧራው ቶሎ ይደፍነዋል።

ማሽኑ እስኪደርስ ድረስ በጎንዎ ይተኙ። ማታ አረቄና እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን አይውሰዱ፣ ሁለቱም ጉሮሮውን ይበልጥ ያላሉታል። ክብደት ካለብዎት 90 ኪሎ ላይ 9 ኪሎ መቀነስ እንኳ የሚቋረጠውን ትንፋሽ በሩብ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ታይቷል። ማሽኑ ሲደርስ ደግሞ ያዘዘልዎትን ሐኪም ጋ ይዘውት ይሂዱ፤ የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ቤት ውስጥ ብቻዎን አይሁኑ፣ ጭንብሉን የሚያስተካክልልዎት ሰው አጠገብዎ ይደር።